ከአጥራችን ላይ የቆመው ጋባ

ሰው ሁሉ ቁርቁራ ይለዋል። አይደለም። ስንት ጊዜ ተናግሬ ሰሚ አጣሁ፤ እዚህ ጽፌው ልገላገል። ቁርቁራ ማለት በመንገድ ዳር ቁጥቋጦ ሆኖ የሚበቅለው፣ ቅጠሉ ከበታቹ ነጣ ብሎ ጠጉራም የሆነው፣ ፍየል የምትጨርሰው ነው። የእኛው ጋባ ነው። ጋባ ግንዱ የወፈረ፣ ቅርፊቱ የተሰነጣጠቀ፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች የተዘነፈለ ትልቅ ዛፍ ነው። ዘመዳሞች መሆናቸውን አልክድም፤ እሾሃቸውም ፍሬያቸውም ይመሳሰላል። ግን የአክስትና የአጎት ልጆችን አንድ ሰው ናቸው የሚል የለም።

እሾሁ በየቅጠሉ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ቀጥ ያለ ነው፣ አንዱ ቆልማማ። ቀጥ ያለው ይወጋል፣ ቆልማማው ይይዛል፤ የሚብሰውም እጅን መልሶ ሲስቡት ነው። ፍሬው የአውራ ጣት ጫፍ ያህላል፤ ሲበስል ቢጫ፣ ሲቆይ ቡናማ ይሆናል፤ ይጣፍጣል፣ ትንሽም ይኮመጥጣል፤ መሃሉ ላይ ጥርስ የሚሰብር ድንጋይ አለበት። የሚበስለው በዐቢይ ጾም አካባቢ ስለሆነ እኔ ጾሙን የምገፋው በእሱ ነው። ሱዳኖች ፍሬውን ነበቅ፣ ዛፉን ሲድር ይሉታል። ከእኛ ቆላ ተነሥቶ፣ ገዳሪፍን አልፎ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ዐረብ አገር ድረስ አለ ይባላል። ደጋ ግን አይወጣም። አማቴ ፍሬውን ዳባት ወስደው ቢተክሉት በቀለ፣ ብርዱም ወዲያው ጨረሰው።

ድሮ የሽንፋን ወንዝ ይዞ ጋባ በጋባ ነበር ይላሉ። ትራክተር መጥቶ መሬቱ ለሰሊጥ ሲመነጠር አብዛኛው ሄደ። ባሌ ትዕዛዙ ትራክተር ነጂ ነው፤ እሱ ራሱ ስንቱን በሰንሰለት ነቅሎታል። አሁን በየእርሻው መሃል አንድ ሁለት ለሠራተኛ ጥላ ይተዋሉ፤ የቀረው በወንዝ ዳርና በሰው ግቢ ነው። ከመተማ ከተማ ዳር፣ በእኔና በእትዬ ዘሀቢያ አጥር ላይ የቆመው አንዱ ነው። ሥሩ በእሳቸው በኩል ነው፣ ቅርንጫፉ ግን ግማሹ ወደ እኔ ያጋድላል። በዚህ ስንት ዓመት ተጨቃጭቀናል።

አንድ ጊዜ የግብርና ባለሙያ መጥቶ ዛፉን ለካና፣ የውጭ ሊቃውንት ስም ሲያወጡለት ከክርስቶስ እሾህ ጋር እንዳያያዙት ነገረኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሮጬ አጥሩ ጋ ሄድሁ።

«እትዬ ዘሀቢያ፣ ሰሙ? የጌታችን የእሾህ አክሊል የተጎነጎነው ኸዚህ ነው። እንግዲህ ዛፉ የእኛ ነው።»

እሳቸው ከረኩባቸው ሥር፣ ከዳስ ጥላው ማለቴ ነው፣ ባሚያ እየከተፉ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

«የእኛ ደግሞ ጀነት ውስጥ የተተከለ ነው። አንች እሾሁን ውሰጅ፣ እኔ ጥላውን። ኸላስ፣ በቃ፣ ተካፈልን።»

እትዬ ዘሀቢያ እንዲህ ነበሩ። እዚሁ መተማ ተወልደው፣ እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። በገበያ ቀን ነበቅ፣ ከርከዴና የደረቀ ባሚያ ይሸጣሉ። የሚታወቁት ግን በሌላ ሥራ ነው። ሙስሊም ሴት ስትሞት አጣቢዋ እሳቸው ናቸው። የሟቿን ገላ የሚያጥቡት በዚሁ በጋባ ቅጠል ነው። ቅጠሉን በጥላ ያደርቁታል፤ ፀሐይ ካገኘው ኃይሉ ይሄዳል ይላሉ። ከዚያ በሙቀጫ ወቅጠው፣ በወንፊት ነፍተው በከረጢት ያኖሩታል። ለማጠብ ሲሆን ከውሃ ጋር ይመቱታል፣ ሳሙና የገባበት ይመስል አረፋ ያወጣል። በአረፋው ፀጉር ይታጠባል፣ በተረፈው ገላ። በመጨረሻው ውሃ መልካም ሽታ ያለው ካፉር ይጨምራሉ። ከዚያ የሟቿን ፀጉር ሦስት ጉንጉን ሠርተው ወደ ኋላ ይጥሉላታል።

ሲያጥቡ ያወራሉ አሉ፤ ከሞተችው ጋር። «እጅሽን ስጭኝ እህቴ፣ አሁን ወደ ግራ ልገልብጥሽ ነው፣ ውሃው ቀዘቀዘብሽ?» ይሏታል። ይህን የነገረችኝ ልጃቸው ረፊቃ ናት።

ረፊቃ አንድ ልጃቸው ነበረች። ዓርብ ዓርብ ከዛፉ ሥር አስቀምጠው ፀጉሯን በዚያው አረፋ ያጥቧት ነበር። ፀጉሯ እስከ ወገቧ ይደርሳል። ዓይኗ ሲቃጠል ትጮሃለች፣ እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔ ከአጥሩ ማዶ «ልጅቱን አሳወሯት!» እላለሁ። ከፍ ስትል ውሃ እያቀበለች ማጠብ ለመደች። የሞተ ሰው አትፈራም ነበር። አንድ ቀን ቅጠል እየወቀጠች እንዲህ ስትላቸው ሰምቻለሁ፦

«እማ፣ አንችን የማጥብሽ እኔ ነኝ። ሌላ ሴት እጇን እንዳታስገባ።»

«ኢንሻአላህ፣ ያ ቢንቲ» አሉ እሳቸው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እናት ኸዚህ ሌላ ምን ትለምናለች?»

ረፊቃ ኡመይር የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ ኻርቱም ገባች። በየበዓሉ እየመጣች ትጠይቃቸው ነበር። ከዚያ የሱዳን ጦርነት ተነሣ። ኡመይር ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ቀረ። እሷም ጥቂት ጊዜ ስትደውል ቆየችና ስልኳ ጠፋ። እትዬ ዘሀቢያ ገበያውን ትተው የድንበሩ ኬላ ዳር መዋል ጀመሩ። የሚሻገረው ሰው ብዛቱ ለጉድ ነበር፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ሕፃን ያዘለ፣ ባዶ እግሩን የሆነ። እያንዳንዷን ሴት ፊቷን ያያሉ። ማታ ሲመለሱ እኔ አልጠይቅም፣ እሳቸውም አይነግሩኝም።

በዚያው ክረምት በሽታው ገባ። መንግሥት አተት ይለዋል፣ እኛ ኮሌራ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከጅረቱ ማዶ ነጭ ድንኳን ተተከለ፤ ዙሪያውን ገመድ ታጠረ፤ ሲገባም ሲወጣም እግር ላይ ክሎሪን ይረጫል። በመጀመሪያ ሰሞን ሰው የሚወሰደው ደክሞ ደክሞ፣ መላ ካለቀ በኋላ ስለነበር የሚሞተው በረከተ። ከሟቾቹ አንዷ ከሱዳን የመጣች ሴት ነበረች፤ ዘመዶቿ እትዬ ዘሀቢያን ጠሯቸው። ከረጢታቸውን ይዘው ሄዱ። ገመዱ ላይ አስቆሟቸው። በሽታው ከሬሳው ወደ አጣቢው ይተላለፋል፣ አይቻልም አሏቸው። ቆመው አዩ። ቦት ጫማ ያደረጉ ወንዶች ሴቲቱን በላስቲክ ከረጢት ከተው፣ ከላይ መድኃኒት ረጭተው፣ ተሸክመው ሄዱ።

ሼህ ሙዓዝ መጥተው አጽናኗቸው። ችግር ሲሆን ሃይማኖቱ ይፈቅዳል፣ በሆድ በሽታ የሞተ ደግሞ እንደ ሰማዕት ነው አሏቸው። እትዬ ዘሀቢያ «አውቃለሁ» አሉ። እኔ ጋ ግን አጥሩ ላይ መጥተው እንዲህ አሉኝ፦

«ታይቱ፣ ሰውን እንደ ሰሊጥ በማዳበሪያ ቋጥረው ወሰዱት። ወንዶች ናቸው የነኳት። አንድ ጭልፋ ውሃ አልነካትም።»

 ከዚያ ቀን ጀምሮ የድንኳኑ ነገር ሲነሣ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ በጊዜው ኀዘን መስሎኝ ነበር። ፍርሃት ነበር።

ረፊቃ የመጣች ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ያካፋ ነበር። ጩኸት ሰምቼ ስወጣ እናትና ልጅ ጭቃው ላይ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ደስ ብሎኝ እልል ልል አፌን ከፈትሁ፤ ፊቷን ሳየው ግን ተውሁት። ዓይኗ ጎድጉዷል። የተጠቀለለችበት የሱዳን ቶቧ ረጥቧል፣ በዝናብ ብቻ አልነበረም። በመንገድ ላይ ነው የጀመራት። አብራት ሐሚዳ የምትባል ጓደኛዋ ነበረች፤ በአንድ መኪና ተጭነው፣ ከአንድ ጀሪካን ጠጥተው የመጡ ናቸው። ሐሚዳም እንደዚያው ታማ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ከጤና ሠራተኞቹ ጋር የምትሠራው እስከዳር በሰፈሩ እየዞረች ነበርና ሐሚዳን አግኝታ በቃሬዛ አስወሰደቻት። ሐሚዳ እዚህ አገር ማንም ስለሌላት የሚከለክል አልነበረም።

ረፊቃን ግን እናቷ ወደ ውስጥ አስገብተው በሩን ዘግተው ነበር። እስከዳር ስታልፍ ጠየቀቻቸው።

«ሌላ የታመመ ሰው አለ?»

«የለም» አሉ እትዬ ዘሀቢያ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲዋሹ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ደነገጥሁና አፌን ይዤ ቀረሁ።

ቃሬዛው እንደሄደ ገባሁባቸው። ረፊቃ አንግረቡ ላይ ተኝታለች፤ በገመድ የተጠለፈው የሱዳን አልጋ ከሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል። እሳቸው የጋባ ሥር ቅርፊት እየቀቀሉ ነበር። ለሆድ ቁርጠት እኔም ስንት ጊዜ ጠጥቼዋለሁ፣ ለቁርጠት ደግ ነው።

«እትዬ ዘሀቢያ፣ ይኼ ቁርጠት አይደለም። ልጅዎን ድንኳኑ ይውሰዷት። በጉሉኮስ የዳነ አለ።»

«ኸዚያ የሚወጣውን አይቻለሁ።»

«የሚሞተውን ነው ያዩት! ድኖ የወጣው በእግሩ ስለሄደ አላዩትም!»

«ታይቱ፣ ዝም በይ።»

«አልልም!»

ረፊቃ ዓይኗን ገልጣ «ሐሚዳ የት ናት?» አለች። ድምጿ ተዘግቷል። «ኸሷ አትለይኝ፣ እማ።» እሳቸው ቅርፊቱን በማንኪያ ወደ አፏ አቀረቡላት። ጠጣች፣ ወዲያው መለሰችው። እጇን ያዝሁ፤ የቀዘቀዘና የተጨማደደ ነበር።

«ብትሞትብዎስ?» አልሁ፣ ልጅቱ ፊት። ንዴት ነው ያናገረኝ።

እትዬ ዘሀቢያ ማንኪያውን አስቀመጡ። «ብትሞት በእጄ ላይ ትሞታለች። አጥቤ እቀብራታለሁ። በላስቲክ አይደለም።»

እዚህ ላይ ልባቸውን አየሁት። ልጃቸው እንዳትሞት አይደለም አጥብቀው የፈሩት፤ ሳትታጠብ እንዳትቀበር ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሰውን ሁሉ ልጅ ሲያጥቡ ኖረው፣ የራሳቸው ልጅ ወንዶች በላስቲክ ይዘዋት ስትሄድ በዓይነ ኅሊናቸው ታያቸው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አይታያቸውም ነበር። እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም ይባላል፤ እሳቸውን በገዛ ደግነታቸው ነው የመታቸው።

ነጠላዬን አንሥቼ እስከዳርን ልጠራ ወጣሁ። ጅረቱ ሞልቶ ነበር። ሴት ወንዱ ዳር ላይ ቆሞ እስኪጎድል ይጠብቃል። ጮህሁ፣ ማዶ ያለ ሰው አይሰማም። እንደምንም ጎድሎ ተሻግሬ፣ ድንኳኑ ደርሼ፣ እስከዳርን ይዤ፣ ቃሬዛ የያዙ ሁለት ወንዶች ተከትለውን ስንመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ዝናቡ አባርቷል። ሰፈሩ ጭጭ ብሏል።

አጥሩ ጋ ስደርስ ሙቀጫ ሲወቀጥ ሰማሁ።

ቡና እንዳልሆነ አወቅሁ። ቡና ሲወቀጥ ደረቅ ድምፅ አለው። ይኼ እርጥብ ነበር፣ ቅጠል ነው። በክረምት የደረቀው ስላለቀ ከዛፉ ላይ አውርደው ነው። እዚያው አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። እስከዳር «ምን ሆኑ?» አለችኝ። «ሞታለች» አልኋት።

እስከዳር በሩን ከፍታ ቆመች። ደንቡ እንዳይታጠብ ነው። እትዬ ዘሀቢያ ዘነዘናውን ሳያስቀምጡ «ልጄን ላጥባት፣ ኸዚያ እኔንም ውሰዱኝ» አሏት።  እስከዳር ወንዶቹን ወደ ውጭ አስወጣች፣ ኪሷ የነበረውን ጓንት አወጣች፣ የክሎሪን ውሃውን አስገባችላቸው፤ «ጓንቱን ያድርጉ፣ እባክዎን» ብላ ጀርባዋን አዙራ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ውሃ አቀበልሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ከደጅ ሆኜ ነው ያቀበልሁ፤ ድምፃቸውን ግን ሰማሁት። «እጅሽን ስጭኝ እናቴ። ዓይንሽን ጨፍኝ፣ አረፋው እንዳያቃጥልሽ።» ጓንቱን መሬት ላይ ሲወረውሩት አየሁ። «በላስቲክ የልጄን ፀጉር አልነካም» አሉ።

ረፊቃ ታጥባ፣ ፀጉሯ ሦስት ጉንጉን ሆኖ፣ እናቷ ለራሳቸው አኑረውት በነበረው ከፈን ተገንዛ ተቀበረች። እትዬ ዘሀቢያ የፈለጉትን አገኙ።

በማግስቱ እሳቸውም ታመሙ። ራሳቸውን ስተው ስለነበር እንቢ የሚል አልነበረም፤ ትዕዛዙ ከወንዶቹ ጋር ተሸክሞ ድንኳኑ አደረሳቸው። ጉሉኮስ ቀጠሉላቸው፣ በጨውና በስኳር የተበጠበጠ ውሃ በኩባያ በኩባያ አጠጧቸው። ዳኑ። ያን ያህል ቀላል ነበር። ዓይናቸውን ሲገልጡ አጠገባቸው፣ ለተቅማጡ ተብሎ መሃሉ በተቀደደ አልጋ ላይ ሐሚዳ ተቀምጣ ገንፎ ትበላ ነበር።

ሐሚዳ ራሷ ናት የነገረችኝ። ስታያቸው ደስ ብሏት «ኻልቲ፣ ረፊቃ ወጣች? ኸየትኛው ድንኳን ናት?» ብላ ጠየቀቻቸው። ኻልቲ ያለችው አክስቴ ማለቷ ነው። እትዬ ዘሀቢያ መጀመሪያ ገንፎውን አዩ፣ ከዚያ እሷን።  ሐሚዳ ደግማ ጠየቀች። አሮጊቷ እጃቸው ላይ የተተከለውን መርፌ ነቅለው ሊነሡ ሲታገሉ እስከዳር መጥታ ያዘቻቸው። የጮኹት ጩኸት ከገመዱ ውጭ ቆሜ ለነበርሁት ለእኔም ደርሶኛል። አሁንም አልለቀቀኝም።

ከዚያ በኋላ የሞተ ሰው አጠቡ ማለት ዘበት ነው። ሊለምናቸው ያልመጣ ቤተሰብ የለም፤ «እጄ አይሆንም» ብለው ይመልሳሉ። ኬላው ዳር መዋሉን ግን አልተዉም። የታመመ ሰው ይዞ የሚሻገር ሲያዩ ዱላቸውን ይዘው መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ «ወደ ድንኳኑ! ቤት አታግቢያት፣ ወደ ድንኳኑ!» እያሉ ይጮኻሉ። አንዷን እናት ክንዷን ይዘው እስከ ጅረቱ ሲጎትቷት አይቻለሁ። እብድ ናቸው ያላቸውም ነበር። እኔ ያን ያለውን ሰው ሰድቤዋለሁ፣ ደግሞም እሰድበዋለሁ።

ሐሚዳ መሄጃ ስላልነበራት እሳቸው ጋ ቀረች። ለነበቁ ንግድ እሷ ገበያ ትወጣለች። ማታ ማታ ማጠብን ያስተምሯት ነበር፤ በአንግረቡ ላይ ትራስ አጋድመው፣ ቅጠሉ እንዴት እንደሚመታ፣ ራስ እንዴት እንደሚያዝ፣ ፀጉር እንዴት እንደሚጎነጎን። ራሳቸው ግን ቅጠሉን አይነኩትም። ሐሚዳ ናት የምትወቅጠው። ሐሚዳ ያልለቀመችው ፍሬ በእሳቸው በኩል ወድቆ ይበሰብሳል፣ እኔ ለቅሜ ላቀብላቸው ስል እጃቸውን ይሰበስባሉ።

አንድ ቀን አጥሩ ላይ መጡ። በጣም ከስተው ነበር።

«ታይቱ፣ ለሐሚዳ ነግሬያታለሁ፣ አንችም ስሚኝ። ስሞት በውሃ ብቻ እጠቡኝ። ኸዚህ ኸእኔ ዛፍ አንዲት ቅጠል እንዳትነካኝ። አደራ።»

«ዛፉ ምን አደረገዎ?»

«ዛፉማ ምን ያደርገኛል። ሌላዋ እናት ልጇን ለማዳን ትሮጣለች። እኔ ለማጠብ ተሰናዳሁ።» ቀጥ ብለው አዩኝ። «ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ እኮ ነው፣ ታይቱ፣ ቅጠል ላወርድ የወጣሁ።»

ይህን ሲነግሩኝ አለቀስሁ። እሳቸው አላለቀሱም። በቀኝ እጄ የያዝሁትን ነበቅ እንደያዝሁ ቆምሁ።

በሚቀጥለው በጋ፣ ፍሬው መርገፍ ሲጀምር፣ ከኬላው እንደተመለሱ አንግረባቸው ላይ ጋደም እንዳሉ አረፉ። ሼህ ሙዓዝ መጡ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ትዕዛዙ መቃብር ሊያስቆፍር ሄደ። ሐሚዳ ባዶ ሳፋ ይዛ አጥሩ ጋ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ ታይቱ፣ የደረቀው አልቋል። ቅጠል ቁረጭልኝ።»

«አደራ አለብን እኮ። ለአንችም ነግረውሻል።»

«ነግረውኛል» አለች። «ያለ ቅጠል ማጠብ ግን አላስተማሩኝም።»

 ገብቼ ማጭዱን አመጣሁ። በእሳቸው በኩል ያለውን አልነካሁም፤ ወደ እኔ ግቢ ካጋደለው ላይ ነው የቆረጥሁት። እሳቸው «ኸእኔ ዛፍ» ነው ያሉት፣ ይኼ በእኔ በኩል ያለው ግን የእኔ ነው ብዬ ለራሴ ዋሸሁ። ቢሰሙ እንዴት ይቆጡን ነበር! እሾሁ እጄን ቧጨረው፣ ነጠላዬንም ይዞ ቀደደው። ሳፋውን ሞልቼ በአጥሩ ላይ አቀበልኋት።

ትንሽ ቆይቶ ሙቀጫው ተሰማ። ያን ቀን እንዳደረግሁት እዚያው አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። ሐሚዳ ስታወራቸው ይሰማኛል፤ «እጅዎን ይስጡኝ፣ ኻልቲ፣ ውሃው ሞቅ ያለ ነው» ትላለች። አጥባ ስትጨርስ ፀጉራቸውን ሦስት ጉንጉን ሠርታ ወደ ኋላ ጣለችላቸው። ያንን ልታደርግላቸው ቃል የገባችው ረፊቃ ነበረች።